ሽፍታውና ጨጓራው

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም የሚወጣ ሰው ዳገቱ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል አይቀምስም፤ ጉልበቱን ሲቆረጥመው ደግሞ ዲክሎፈናክ አውጥቶ ይውጣል። ሽፍታ ለሚመላለስበት ሰው ከሦስቱ የትኛው ይከፋል ቢሉ፣ ብዙ ጊዜ ኪኒኑ ነው።

ሳማ የነካው ይመስል ከቆዳ ከፍ ብሎ የሚያሳክክ፣ እዚህ ሲጠፋ እዚያ የሚወጣ ሽፍታ ከ6 ሳምንት በላይ ከተመላለሰ ሥር የሰደደ ይባላል። አሳካኪው ሂስታሚን ነው። ሂስታሚን የሚያጠራቅሙት ማስት የተባሉት ሴሎች በቆዳም በአንጀት ግድግዳም አሉ፤ ጨጓራም አሲድ የሚያመነጨው በከፊል በዚሁ በሂስታሚን ተገፋፍቶ ነው። ዲክሎፈናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ታዲያ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ሽፍታውንም ይቀሰቅሳሉ። «ሆዴም ቆዳዬም አብረው ተነሡብኝ» የሚል ሰው ምግቡን ከመወንጀሉ በፊት የሚውጠውን መድኃኒት ይመልከት። ለአብዛኛው ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል።

ሆድ ራሱ መነሻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በአገራችን በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚገኘው ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ሲታከምላቸው ሽፍታው የለቀቃቸው አሉ፤ ታክመው ምንም ያልተለወጠላቸውም አሉ። ስለዚህ ምርመራው የሚጠቅመው በተለይ ጨጓራው ለሚያቃጥለው ነው። እሱም ቢሆን የደም ምርመራው የዱሮውን ከአሁኑ አይለይም፤ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይጠይቁ፤ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነም ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ስለማቆም ሐኪምዎን ያማክሩ። ሆድዎ የሚነፋ፣ የሚያስቀምጥዎት ከሆነ ደግሞ ወስፋትና ጃርዲያ በተራ የሰገራ ምርመራ ይታያሉ።

የሚያሳዝኑኝ እንቁላሉን፣ በርበሬውን፣ ወተቱን፣ ሽሮውን አንድ በአንድ እየተዉ በባዶ እንጀራ የሚቀሩት ናቸው። የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታወቃል፤ ወር ሙሉ በየቀኑ የሚመላለስ ሽፍታ ግን ከምግብ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው።

ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ነው። አንዱ እብጠት በቦታው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየና በልዞ ከጠፋ በሽታው ሌላ ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ለወሎ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ለቀረው ዋናው መድኃኒት ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ነው፤ ሲያሳክክ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ይወሰዳል፤ ካልበቃ ሐኪሙ እስከ 4 እጥፍ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።