እርሾው ሲታመን ትምህርቱ ይታመናል
(ስለ ባክቴሪያ እርሾ አዘገጃጀት)



እርሾ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። የጤፉ ሊጥ የሚቦካው በእርሾ ነው፤ ወተቱም በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ሲያድር ይረጋል። ይህ ሥራ በእናቶቻችን እጅ ሳይበላሽ የኖረው በልምድና በጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ በቤት እርሾ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከቤት ቤት፣ ከወር ወርም ይለያያሉ። ለምግብ ይህ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ጣዕሙ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ለክፍል ሙከራ ግን አይሆንም። አርባ ተማሪ ፊት ቆመን «ወተቱን ያረጋው ይህ ባክቴሪያ ነው» ስንል፣ በቱቦው ውስጥ እሱ ብቻ መኖሩን ማወቅ አለብን። አለዚያ ግምታችንን እንደ እውነት አድርገን ለተማሪ መስጠታችን ነው።

የሥራው አመጣጥ

ከወተት ውስጥ አንዱን ባክቴሪያ ነጥሎ በንጹሕ ያሳደገው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ነው። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1878 አሳተመ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ የረጋውን ወተት ደጋግሞ እያቀጠነ፣ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ከአንድ በላይ ባክቴሪያ እንዳይኖር አደረገ። በ1890 ደግሞ ሽቶርክ በዴንማርክ፣ ቫይግማን በጀርመን ንጹሕ እርሾን ለቅቤ ሥራ አዋሉት። ሊስተር የለየው ባክቴሪያ ዛሬ ላክቶኮከስ ላክቲስ ይባላል። ከ1985 በፊት በታተሙ መጻሕፍት ስትሬፕቶኮከስ ላክቲስ ተብሎ ስለሚገኝ አንባቢ እንዳይደናገር። እኛም ለምሳሌ የምንወስደው ይህንኑ ነው።

አዘገጃጀት

አንደኛ፤ ወተቱን እናዘጋጅ። 10 ግራም ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ እንበጠብጣለን። በየቱቦው 10 ሚሊ ሊትር ከሞላን በኋላ አፉን በጥጥ እንደፍናለን። ቀጥሎም ለ30 ደቂቃ በእንፋሎት እንቀቅለዋለን፤ ይህንኑ ሦስት ቀን በተከታታይ እንደግማለን። በመካከሉ ቱቦዎቹ በክፍል ሙቀት ይቆያሉ። ለምን ሦስት ቀን? አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጠንካራ ስፖር ስለሚሠሩ አንድ ጊዜ መፍላት አይገድላቸውም። ቀዝቀዝ ሲል ስፖሩ ይነቃል፤ የነቃውን የማግሥቱ እንፋሎት ይጨርሰዋል።

የግፊት ድስት ያለው ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በ15 ፓውንድ ግፊት ድስቱ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የ15 ፓውንዱም ድስት የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ አጋሩንና የሚጣለውን ቆሻሻ፣ መጽሐፉ 15 ደቂቃ ቢልም፣ እኛ 40 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባናል። ጊዜውን እናርዝም እንጂ ድስቱ ከተሠራለት ግፊት በላይ አናስገድደው፤ አደጋ አለው።

ሁለተኛ፤ ባክቴሪያውን እንለይ። መነሻው ማንነቱ ከታወቀ ቤተ ሙከራ ይምጣ። የሽቦ ቀለበቱን በእሳት እስኪቀላ አግለን፣ አቀዝቅዘን፣ በአጋር ሳህን ላይ እየሳሳ እንዲሄድ እንጭረዋለን። ለብቻው ከበቀለው አንድ ቅኝ አንሥተን በሌላ ሳህን ላይ እንደግማለን። ከዚያም በግራም ቀለም ቀብተን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ሐምራዊና ክብ፣ ጥንድ ጥንድ ወይም አጭር ሰንሰለት ሆኖ መታየት አለበት። ከቅኙ ጥቂት በስላይድ ላይ አድርገን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ብናደርግበት አረፋ አይወጣውም። አረፋ ከወጣው ሌላ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ሳህን ይጣል።

ሦስተኛ፤ እናቲቱን እርሾ እናብጅ። ከዚያ ቅኝ ወደ አንድ የወተት ቱቦ እንጨምርና በ30 ዲግሪ እናሳድራለን። ሲረጋ ከዚህ 0.1 ሚሊ ሊትር ወደ አዲስ 10 ሚሊ ሊትር ወተት እናዛውራለን፤ ይህ ማለት ከመቶ አንድ እጅ ነው። በ22 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ውስጥ መርጋት ይኖርበታል። የረጋውን በ4 ዲግሪ እናስቀምጠውና በየሳምንቱ እናድሰዋለን። ለክፍል የሚሆነውን ሁልጊዜ ከእናቲቱ እንቀዳለን። ተማሪዎች ከፍተው የሠሩበትን ቱቦ መልሶ እርሾ ማድረግ ግን ክልክል ነው፤ በእጅና በአየር ምን እንደገባበት አይታወቅማ!

አራተኛ፤ ምስክር ቱቦ አይቅር። በእያንዳንዱ ዙር ምንም ያልተጨመረበት አንድ የወተት ቱቦ ከሌሎቹ ጎን እናስቀምጣለን። እሱም ከረጋ ወተቱ አስቀድሞ ተበክሏል፤ የሌሎቹም መርጋት ምንም አያስረዳም።

እርሾው እምቢ ሲልስ?

ወተቱ ዘግይቶ ከረጋ ወይም ጨርሶ ካልረጋ ምክንያቱን በተራ እንፈልግ። ሙቀቱ ልክ ነበር ወይ? እናቲቱ ሳትታደስ ቆይታ አሲዱ አዳክሟት ይሆን? ትኩስ ወተት ተጠቅመን ከሆነ፣ ላሟ ፔኒሲሊን ተወግታ ነበር ወይ? ይህ መድኃኒት በማፍላት በሙሉ አይጠፋም፤ ጥቂቱም እርሾውን ያስቆመዋል። ሌላው ባክቴሪያን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ ማለትም ፌጅ ነው። ይህ ቫይረስ የአይብ እርሾን እንደሚያበላሽ ዋይትሄድና ኮክስ በኒውዚላንድ በ1935 አሳይተዋል። መድኃኒቱ ዕቃን አጥብቆ ማጽዳትና የተለያዩ እርሾዎችን እያፈራረቁ መጠቀም ነው። እርጎው በጋዝ ተበጣጥሶ ከታየ ግን ባዕድ ባክቴሪያ ገብቷል፤ ያለ ክርክር ይጣል።

ጥንቃቄ፤ በቤተ ሙከራ የረጋ ወተት አይቀመስም። ያልታወቀ ቅኝም አናሳድግም። ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ነገር በግፊት ድስት ተቀቅሎ ይጣል።

መዝገቡና መምህሩ

ከሁሉ በላይ መዝገብ ይያዝ። ቀኑ፣ ስንተኛ መዛወሩ እንደሆነ፣ የሙቀቱ መጠን፣ የረጋበት ሰዓት፣ በማይክሮስኮፕ የታየው፣ የምስክሩ ቱቦ ውጤት፤ ስድስት ነገር ብቻ ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ኢንኩቤተር ላይኖር ይችላል፤ መዝገብና ምስክር ቱቦ ግን የትም ይገኛሉ። አንድ ቱቦ ሳይረጋ ሲቀር ከጠረጴዛው ሥር ደብቀን የረጋውን ብቻ ብናሳይ፣ ተማሪው መምህሩን ማመን እንጂ ማስረጃን መመርመር አይማርም። ያልረጋውንም አውጥተን «ለምን ይመስላችኋል?» ብንል ግን ትምህርቱ ያኔ ይጀመራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ምስክር ቱቦው ቢረጋና ሌሎቹም ቢረጉ ለተማሪዎቻችን ምን እንላለን?
2. በተመደብንበት ቦታ የክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ ቢሆን የመርጊያው ሰዓት ምን ይሆናል? በምን ሙከራስ እናረጋግጣለን?
3. የቤት እርሾና የቤተ ሙከራ እርሾ ለየትኛው ሥራ ይበልጣሉ?