ማሽላው ቀድሞሻል

ልጄ፣ ለሦስት ወር ኢንተርንሺፕ አሜሪካ፣ ኢንዲያና፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ማሽላ የሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ልትሄጂ መሆኑን አባትሽ ነገረኝ። ተመስገን ብያለሁ። ስለ ልብስና ስለ ስንቅ እናትሽ ትንገርሽ። እኔ ዕድሜዬን በማሽላ ማሳ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና የምመክርሽ ስለ ሥራሽና ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። እንዳንቺ ከራያ ቆቦ የወጣ ልጅ ባዕድ አገር ሲደርስ ራሱን ምንም እንደማያውቅ ቆጥሮ ዝም ይላል፤ ከሁሉ አብልጬ የምፈራልሽ ይህንን ነው።

1. ከየት እንደሄድሽ ዕወቂ። የምትገቢበት ቤተ ሙከራ ውስጥ የእኛ ማሽላ ካንቺ በፊት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱዎቹ ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የማሽላ ዘር ሲመረምሩ፣ ላይሲን የሚባለው ሰውነት የሚገነባበት ንጥረ ነገር ከሌላው ሁሉ በልጦ የተገኘው በሁለት የኢትዮጵያ ዘሮች ላይ ነበር። መነሻቸውም ወሎ ነው። ገበሬያችን እነዚህን በሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘራ እሸታቸውን ጠብሶ ሲበላ ኖሯል፤ «ወተት በጉንጬ» የሚለው ከዚህ ወገን ነው። ድርቅ ሲመታው ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀው፣ ብዙ አገር ለማዳቀያ የሚጠቀምበት ቢ-35 የተባለው ዘርም ከኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘ ነው።

ሰውም ቀድሞሻል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ለትምህርት እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግር እየሄዱ ዓርብ እየተመለሱ ያደጉ ሰው ናቸው። ከጅማና ከዓለማያ በኋላ ፐርዱ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ከ1984 ጀምሮ እዚያው አስተማሩ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ለሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው የማሽላው ሥር አፈር ውስጥ የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ አጥብቆ የሚያነቃውን ኬሚካል አሳንሶ የሚለቅ ማሽላ ከተዘራ አብዛኛው አቀንጭራ እንደተኛ ይቀራል። በዚህ መንገድ ከተገኙት መካከል የጎረቤታችንን የጎብዬ ከተማን ስም የያዘው «ጎብዬ» እና «አብሺር» በአገራችን ለገበሬ ተለቀዋል። ይህን ባሕርይ የሚወስነውን ጂን ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ለይተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ጽሑፉን ሳትሄጂ አንብቢው፤ ያልገባሽን ቦታ አስምሪበትና ይዘሽው ግቢ። በመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ የተሻለ የምትጠይቂው ጥያቄ አይኖርሽም።

2. ይሉኝታሽን እዚህ ትተሽው ሂጂ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ ማዳመጥ ጨዋነት ነው፤ እኔም እንዲህ ሆነሽ በማደግሽ እኮራለሁ። እዚያ ግን ዝም ያለ ሰው ወይ ሁሉም ገብቶታል ወይ ሥራው አላጓጓውም ተብሎ ይወሰዳል። ሳይገባሽ «እሺ» አትበዪ። የታዘዝሽውን ነገር «እንዲህ ነው ያሉኝ?» ብለሽ በራስሽ ቃል መልሺው። ኃላፊሽ የሆነችው ፕሮፌሰር በስሜ ብቻ ጥሪኝ ካለችሽ ጥሪያት፤ መድፈር አይሆንብሽም።

የምታውቂውንም ተናገሪ። ብዙ ተመራማሪ የሚደነቅበት አንድ ነገር አለ፦ ቶሎ የሚደርስና ጥሩ ምርት የሚሰጥ አጭር ማሽላ ወጥቶ ሳለ ገበሬው ለምን ጅጉርቲ ወደሚባለው ረጅሙ ማሽላ ይመለሳል? መልሱን አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። አገዳው የከብት ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ፍሬው ተርፎ አገዳው ካነሰ በሬው በበጋ ምን ይበላል? ከሁሉ ቀድሞ የደረሰውን ማሽላ ደግሞ የአካባቢው ወፍ ሁሉ ይሰፍርበታል፤ ከማማ ላይ ሆነሽ ወፍ የጠበቅሽ ልጅ ነሽና ይህን ማንም አያስረዳሽም። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ቤተሰብሽ ረጅሙን ማሽላ ትቶ ወደ ጤፍና ወደ ፈጣኑ ዘር እንዴት እንደሚዞር፣ ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ እንዴት ማሳ እንደሚያጠጣ ንገሪያቸው። ይህ ተራ ወሬ አይምሰልሽ፤ አዳቃዩ የትኛውን ባሕርይ ይዞ የትኛውን እንደሚጥል የሚወስንበት መረጃ ነው።

3. ዘር በሻንጣሽ አትያዢ። አንዲት ፍሬም ቢሆን። «ለፕሮፌሰሯ ከቆቦ ማሽላ ይዤላት ልሂድ» የሚል ቅን ሐሳብ ሊመጣብሽ ይችላል፤ ተይው። በእኛ በኩል አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገር ዘር ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በእነርሱም በኩል ያልተፈቀደ ዘር ከአየር ማረፊያ አያልፍም። አቀንጭራ እ.ኤ.አ. በ1956 ካሮላይና ውስጥ ሲገኝባቸው ለማጥፋት አሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር እንደሚያፈራ ስታስቢ ፍርሃታቸው ይገባሻል።

ሕጉን የምጠቅስልሽ ለማስፈራራት ብቻ አይደለም፤ ከአገር የወጣ ዘር ምን እንደሚያስከትል ስላየን ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አውጥቶ ዓመታት ሙሉ ይዞት ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ኔብራስካ ተምረው ተመልሰው የአገራችንን የዘር ባንክ መርተዋል፤ ድርቅ ገበሬውን ዘሩን ሳይቀር ሊያስበላው በደረሰበት ዘመን የገበሬ ዘር እንዳይጠፋ ደክመው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የእንዲህ ያሉ ሰዎች ድካም በአንድ ተማሪ ቦርሳ አይፍሰስ። እናትሽ የምትሰጥሽን ሽሮና በርበሬም ቢሆን ለጉምሩኩ ሠራተኛ ሳትደብቂ ተናገሪ።

4. ቀንና ሰዓት አጥርተሽ ጻፊ። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲሉሽ ከቀኑ 9 ሰዓታችን ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሲጽፉም ወሩን ያስቀድማሉ። ስለዚህ በማስታወሻ ደብተርሽ ላይ የወሩን ስም በፊደል ጻፊ፣ ዓመቱን በእነርሱ አቆጣጠር አድርጊ። በእስክሪብቶ ጻፊ። ከተሳሳትሽ አንድ መስመር ሰርዢበትና ትክክሉን አጠገቡ አስፍሪ እንጂ ገጽ አትቅደጂ። ደብተሩ የቤተ ሙከራው ነው፤ ከሄድሽ በኋላ ሌላ ሰው ያነበዋል።

5. ለመላመድ ጊዜ ስጪው። የራያ ረጅም ማሽላ በሰኔ እዚያ ቢዘራ አገዳው ይመዘዛል እንጂ በጊዜው አያብብም። ምክንያቱ የቀኑ ርዝመት ነው፤ ቆቦ ላይ ቀኑ ከ13 ሰዓት አይዘልም፣ ኢንዲያና ውስጥ በሰኔ 15 ሰዓት ይደርሳል። ለዚህም ነው አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሐሩር አገር ማሽላዎችን ከቀናቸው ጋር ለማስማማት ትውልድ እየቆጠሩ ሲያዳቅሉ የኖሩት። እህሉ እንዲህ ከሆነ ሰው በአንድ ሳምንት አይለምድም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍሽ ቢዛባ፣ እንግሊዝኛው በጆሮሽ ላይ ቢሮጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻሽን ብትቀመጪ፣ ዕድሉ የተሰጠኝ በስህተት ነው ብለሽ አትደምድሚ።

6. ኢንዲያናፖሊስ ሩቅ አይደለችም፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም አለ። በሳምንቱ መጨረሻ ሂጂ። ነገር ግን የሥራ ቀን ምሳሽን ከቤተ ሙከራው ልጆች ጋር ብዪ።

7. ስለ ቤትሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። በክረምታቸው ከእኛ 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ እናትሽን ከመተኛትሽ በፊት ስትደውዪላት እርሷ ለጧት ሥራ ተነስታለች። በ2014ም፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በአካባቢያችን ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተሻል። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ አዲስ አበባ ያለው አጎትሽ ወሬ እንዲያቀብልሽ ካሁኑ ተነጋገሪ። ለኃላፊሽም «የአገሬ ሁኔታ እንዲህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሐሳቤ ሊበታተን ይችላል» በያት። ሳታውቅ ከምትገምት አውቃ ብታግዝሽ ይሻላል። ሌሊቱን ሙሉ ፌስቡክ ላይ አፍጥጠሽ አትደሪ፤ እናትሽን የሚጠቅማት ነገር እዚያ አታገኚም።

8. ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ፣ መልስ ይዘሽ ነዪ። ከመሄድሽ በፊት ጎብዬና ሮቢት ወርደሽ ገበሬዎቹን «ስለ ማሽላ ምን ቢጠናላችሁ ትወዳላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሴቶቹንም ጠይቂ፣ እንጀራው እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የነገሩሽን በቃላቸው ጻፊው። ኢንተርንሺፑን ስትጨርሺ ኃላፊሽን አስፈቅጂና ከሪፖርትሽ አንድ ቅጂ ለስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ላኪ፤ ቆቦ ላይ የማሽላ ሙከራ የሚያካሂዱት እነርሱ ናቸው። ፍሬ ነገሩን ደግሞ በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፈሽ ለራያ ቆቦ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በእጅሽ ስጪ።