ሽጉጥ ሲገዙ፦ ዋጋውን፣ ጥራቱንና የአምራቹን ጠባይ እንዴት ይመዝናሉ?

አገር ቤት መሣሪያ የሚከበረው በስሙ ነበር። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ በለጅግ ሲባል ባለቤቱ ደረቱ ይነፋል። አሜሪካ የሚኖረው ወገናችን፣ ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚያድረውም ሆነ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ሽጉጥ ሊገዛ ሲነሳ ይኸው ልማድ ይከተለዋል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስሙን ነው። ስም ግን ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ይወቁ። የልጅ መጫወቻ ወይም የዳቦ መጥበሻ አደገኛ ጉድለት ቢገኝበት፣ የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ከገበያ እንዲሰበሰብ ማዘዝ ይችላል። የጦር መሣሪያ ግን ኮሚሽኑን ካቋቋመው የ1972 ሕግ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሥልጣኑ ውጭ ነው። ሽጉጡ ጉድለት ቢኖርበት የሚነግርዎትና የሚያስተካክልልዎት በዋናነት አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የኩባንያውን ጠባይ መመርመር የጥራት ምርመራው አካል ነው።

1. ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሕጉን ይወቁ

ፈቃድ ካለው ሻጭ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለብዎት። ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይፈቀድለትም። የመኖሪያ ፈቃድዎ ጉዳይ ገና ያልለየለት ከሆነ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ሻጩ 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ያስሞላዎታል። ቅጹ ስለ አደንዛዥና አነቃቂ ዕፆች ይጠይቃል። ጫት በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ «እኛ አገር ባህል ነው» የሚለው መልስ አያድንም። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

«ለአክስቴ ልጅ ልግዛለት» የሚለውም ቀና ሐሳብ እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። ቅጹ እውነተኛው ገዢ እርስዎ መሆንዎን ይጠይቃል። አንድ የቀድሞ ፖሊስ በፖሊስነቱ የሚያገኘውን ቅናሽ ተጠቅሞ ለአጎቱ ግሎክ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየው ራሱ መግዛት የሚከለክለው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ጥፋተኝነቱን አጸናበት። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ የተከፈለ ከባድ ዋጋ ነው።

የየክፍለ ግዛቱም ሕግ ይለያያል። ሜሪላንድ የጣት አሻራና የአራት ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ አላት። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ሊሸጡ የሚችሉ ሽጉጦችን ዝርዝር ያወጣሉ። የወደዱት ሽጉጥ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ቀድመው ያረጋግጡ።

2. ቤትዎን ይመልከቱ

በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤትዎ ውስጥ የተከፋ፣ በጭንቀት የተያዘ ወይም መጠጥ ያሸነፈው ሰው ካለ አሁን አይግዙ። ልጆች ካሉም የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ሳያዘጋጁ ሽጉጡን ወደ ቤት አያስገቡ። ፍራሽ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ ልጅ የማያገኘው ነገር የለም።

3. በእጅዎ ይመዝኑ

ባለሱቁ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ሲሰጥዎት፣ የጥይት ካዝናው መውጣቱንና ጥይት አለመጉረሱን እርስዎም በዓይንዎ ያረጋግጡ። አፈሙዙን ወደ ሰው አያዙሩ፤ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ። ከዚያ ሦስት ነገር ይሞክሩ፦

- እጀታው መዳፍዎን ይሞላል? ጣትዎ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ይደርሳል?
- የላይኛውን ብረት ያለ ትግል ወደ ኋላ መሳብ ይችላሉ? ሽጉጡን በሕግ የሚጠቀም ሌላ የቤተሰብ አባል ካለ እሱም ይሞክር።
- ባለሱቁን አስፈቅደው ምላጩን ባዶውን ሲስቡ ማነጣጠሪያው ይንቀጠቀጣል?

ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ለመያዝ ይመቻል እንጂ ሲተኮስ እጅ ይመታል፤ ጀማሪም ያስደነግጣል። ስለዚህ ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ስለሚያከራዩ፣ የመረጡትን ዓይነት ተከራይተው 50 ወይም 100 ጥይት ይተኩሱበት። ሱቅ ውስጥ የወደዱትን እዚያ ሊጠሉት ይችላሉ።

4. ሙሉ ዋጋውን ይደምሩ

የታወቁት ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጦች አዲሳቸው በአብዛኛው ከ300 እስከ 700 ዶላር ይሸጣሉ። በዚያ ላይ የሽያጭ ግብር፣ የብረት ሣጥን፣ ሥልጠና፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ማጽጃ ይጨመራል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ተጨማሪ 11 በመቶ ታስከፍላለች።

ትልቁ ወጪ ጥይት ነው። ሦስት መቶ ዶላር በሚያወጣና አምስት መቶ ሃምሳ በሚያወጣ ሽጉጥ መካከል ያለው ልዩነት 250 ዶላር ነው። አንዱ ጥይት 25 ሳንቲም ከሆነ፣ ይህ ገንዘብ አንድ ሺህ ጥይት ይገዛል። አስተማማኝ ርካሽ ሽጉጥ ገዝቶ አንድ ሺህ ጥይት የተለማመደ ሰው፣ ውዱን ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ከቆለፈው ይበልጣል። ርካሹ ግን አስተማማኝ መሆን አለበት።

5. የአምራቹን ጠባይ ይመርምሩ

መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ፦ ሽጉጡ ጉድለት ሲገኝበት ኩባንያው ምን አደረገ? ሲግ ሳወር የሠራው ፒ320 ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በ2017 ሲታወቅ፣ ኩባንያው በነፃ ማሻሻያ አቀረበ። ምላጩ ሳይሳብ ተኮሰ በሚሉ ክሶች ግን እስካሁን ይከራከራል፤ ጉድለት የለበትም ይላል። ታውረስ የተባለው አምራች ደግሞ ሲወድቁ ይተኩሳሉ ተብለው በተከሰሱ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ ሽጉጦች ጉዳይ በ2015 በስምምነት ጨረሰ። ያገለገለ ሽጉጥ ሲገዙ ተከታታይ ቁጥሩን ወስደው ማሻሻያው መደረጉን አምራቹን ይጠይቁ።

ቀጥሎ ኩባንያው ስለ መሣሪያ ሕግ ያለው አቋም ይመጣል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በመጋቢት 2000 ከክሊንተን አስተዳደር ጋር ስለ ደህንነት ቁልፍና ስለ አሻሻጥ ሲስማማ፣ ደንበኞቹ አደሙበት። በ1987 ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው የእንግሊዝ ድርጅት በ2001 በ15 ሚሊዮን ዶላርና ዕዳውን በማሸከም ሸጠው። ያው ኩባንያ በ2023 የማሳቹሴትስን ሕግ አውጪዎች ወቅሶ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቴነሲ አዛወረ። የኩባንያ አቋም ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣል፤ የገዙት ሽጉጥ ግን ሠላሳ ዓመት አብሮዎት ሊኖር ይችላል።

ይህን የምለው ኅሊናዎን ይተዉት ለማለት አይደለም። ጠበቅ ያለ ሕግ የሚደግፉም ሆኑ የመሣሪያ መብትን የሚያስቀድሙ፣ ገንዘብዎ ወዴት እንደሚሄድ መምረጥ መብትዎ ነው። ሽጉጡን ወደውት አምራቹን ካልወደዱት፣ ያገለገለውን ቢገዙ ገንዘብዎ ለአምራቹ በቀጥታ አይደርስም። ብቻ የሌላ ሰው ኩርፊያ አይዋሱ።

6. በቅደም ተከተል ይወስኑ

ወረቀት ላይ ሁለት ሽጉጦች ጎን ለጎን ይጻፉ። ሕጉ የማይፈቅደውን ይሰርዙ። ቀጥሎ እጅዎ ያልተቀበለውን ወይም ሲተኮስ ጥይት የነከሰውን ይሰርዙ። አምራቹ ጉድለቱን የሸፋፈነውንም ይሰርዙ። ከዚያ ሙሉ ዋጋውን ያስተያዩ። ሁለቱ እዚህ ድረስ እኩል ከዘለቁ፣ ያኔ ፖለቲካዎ ይምረጥ። ፖለቲካውን መጀመሪያ ላይ ካስቀመጡት፣ ለአቋምዎ ብለው ባልተመቸዎት ብረት ቤተሰብዎን ሊጠብቁ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ከተሰረዙ ደግሞ፣ ባዶ እጅዎን ይመለሱ። ሱቁ ነገም ክፍት ነው።