የመንገድ ሐቅና የስልክ ካሜራ



በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የተዘዋወረ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። አንዲት እናት በርበሬዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አንድ መንገደኛ፣ ፈረንጅም ይሁን የአገር ልጅ፣ ስልኩን ወደ እርሷ ያዞራል። እርሷም የሻሿን ጫፍ ይዛ ፊቷን ትሸፍናለች። አንሺው ፈገግ ብሎ አንድ ጊዜ ይደግምና መንገዱን ይቀጥላል። ቢጠየቅ መልሱ «ሕዝብ የሚመላለስበት ቦታ እኮ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?» የሚል ነው። መልሱ ግማሹ እውነት ስለሆነ በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባል።

በቅድሚያ ግን፣ ፎቶግራፍ ራሱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ዑለማዎች መለያየታቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ አኺራ የሄዱት የግብፁ ሙፍቲ ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ፣ ካሜራ ጥላን ከመያዝ ያለፈ ነገር ስላልሆነ በሐዲስ ከተወገዘው ሥዕል አይቆጠርም የሚል አቋም ነበራቸው። እንደ ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ ያሉ ዓሊሞች ደግሞ ለመታወቂያና ለመሰል አስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ከልክለዋል። ክርክሩ ሰፊ ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን እርሱ አይደለም። የፈቀዱትም ቢሆኑ የሰውን ፊት ያለ ውዴታው ወስዳችሁ አሰራጩት አላሉም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንተዳደርበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ልብ በሉ፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ማሳየትና ስለ ማባዛት እንጂ ካሜራውን ስለ መጫን አይደለም። አንቀጽ 28 ደግሞ ሰፊ በር ይከፍታል። ሰውየው ታዋቂ ወይም የመንግሥት ኃላፊ ከሆነ፣ ምስሉ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ከጠቀመ፣ እንዲሁም ነገሩ ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተደረገ ድርጊት ወይም ሥነ ሥርዓት ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ የዒድ ሶላትን ሰልፍ ወይም በፋሲለደስ መዋኛ የሚከበረውን የክርስቲያን ወገኖቻችንን ጥምቀት ያነሳ ሰው በምስሉ የታየውን ሁሉ እየዞረ እንዲያስፈቅድ አይገደድም።

የበርበሬዋ እናትስ? ገበያም በአደባባይ የሚካሄድ ነገር ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። እኔ ግን የገበያውን ሕዝብ ማንሳትና አንዲትን ሴት ለይቶ፣ ያውም ፊቷን እየሸፈነች፣ ማንሳት አንድ ነው ብዬ አላምንም። እጇን ወደ ሻሿ ስትሰድ መልሷን ሰጥታለች።

ለሙስሊም ደግሞ ነገሩ ሕጉ ባቆመበት አያቆምም። ሰሓቦች በመንገድ ዳር ከመቀመጥ እንዲቆጠቡ በተነገራቸው ጊዜ፣ የምንወያይበት ቦታችን ነውና መተው አይሆንልንም ብለው ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንግዲያውስ ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡት አዘዙ። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ በመጀመሪያ የጠቀሱት ዓይንን መስበርን፣ ቀጥሎም ሌላውን ከማስቸገር መታቀብን ነው። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። መንገድ የጋራ ስለሆነ ዓይን እንደልቡ ይሁን አልተባለም። የጋራ ስለሆነ ነው ሐቅ የተጣለበት። ዓይን ደግሞ ያየውን ይረሳል፤ ስልክ አይረሳም። ድሮ ፎቶ ቤት ሄደን የምናሳጥበው ፊልም 36 ፎቶ ይዞ ያበቃ ነበር፤ የሚያየውም ቤተ ዘመድ ነው። ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ የተለቀቀን ምስል ማን እንዳየው የለቀቀውም አያውቀውም።

ጣታችንን ወደ ፈረንጁ ብቻ አንቀስር። በረመዷን ለሚስኪን ዱቄትና ዘይት ስናድል ከፊት የሚቆመው ማን ነው? ባለ ካሜራው አይደለምን? ችግረኛዋ ከረጢቱን ይዛ ወደ ስልኩ እንድታይ ትታዘዛለች። «ለጋሾች ማየት ይፈልጋሉ» ይባላል። ቁርአን በሱረቱል በቀራ 264ኛው አንቀጽ ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቀናል። የለጋሽ ገንዘብ የት እንደደረሰ ለማሳየት የተፈረመበት መዝገብና የተቆለለው ከረጢት ፎቶ ይበቃል። ፈቅዳለች የሚባለው ነገርም አይዋጥልኝም። ከረጢቱ በሌላው እጅ ሳለ የተሰጠ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዷን፣ በዚሁ በጎንደር በአንድ አባት ቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የአማራ ክልል እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታውቆ ነበር። የሟቾችና የቁስለኞች ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። እዚህ ላይ «አታንሱ» ማለት አይቻልም። ግፍ ሲፈጸም ያየ ምስክር ነው፤ ምስክርነትን መደበቅም በሱረቱል በቀራ 283ኛው አንቀጽ የተከለከለ ነው። ባይቀረጽ ኖሮ ነገሩ ይካድ ነበር የሚሉ ወንድሞች እውነት አላቸው።

ነገር ግን ምስክርነት የሚሰጠው ለማን ነው? ለመርማሪ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ ኃላፊነት ለሚሰማው ጋዜጠኛ ነው። በዚህ አገር መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቃሉም ተለክቶ ይነገራል። የልጇን ሬሳ ደም እንደለበሰ በጎረቤት ስልክ ላይ ያየች እናት ይህን ሁሉ ተነፍጋለች። የሙታን አካል ክብሩ እንደ ሕያው መሆኑን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ተምረናል። ምስሉን «ዓለም ይወቅልን» ብሎ የለቀቀው ወንድም ኒያው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ፊቱን ግን ሊጋርደው ይችል ነበር። ሙሉውን ቅጂ ለመርማሪ ማስቀመጥም እንዲሁ።

ብዙዎች የማያውቁት፣ ሕጉ ሟቹን አልረሳም። በአንቀጽ 30 መሠረት ምስሉ የወጣበት ሰው ከሞተ ወይም ፈቃዱን መግለጽ ካልቻለና መታየቱ ክብሩን ወይም ስሙን የሚጎዳ ከሆነ፣ ይቁም ብሎ የመጠየቅ መብት ለቅርብ ዘመዶቹ ይተላለፋል። በአንቀጽ 29 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በምስሉ ከተገኘው ጥቅም ጋር የሚመጣጠን ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ይቁም ተብሎ ወዲያው ካላቆመም የሕሊና ጉዳት ካሳ ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ የዘመዱን ምስል በማይሆን ቦታ ያገኘ ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ያቀረበበትን ቀንና የምስሉን ቅጂም ይያዝ።