ስለሚንቀሳቀስ ካርታ፤ የመንግሥታትን መስፋትና መጥበብ ለማስተማር

በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ የአንድ ዘመንን ድንበር ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ልጅ ያየው ድንበር ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። ይህን ስሕተት የሚያርመው የሚንቀሳቀስ ካርታ ነው፤ ይኸውም የየዘመኑ ካርታ በተከታታይ ሲያልፍ ቀለሙ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን የሚታይበት ሥዕል ነው። ዛሬ በኮምፒዩተርና በስልክ ይታያል፤ መሣሪያው በሌለበት ግን የጉኑኖ መምህር በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰባት ወረቀት ወስዳችሁ በሁሉም ላይ ቀይ ባሕርን፣ ዓባይንና ኦሞን በአንድ ስፍራ ሣሉ። ጉኑኖንም በነጥብ አመልክቱ፤ ነጥቡ ከቶ አይነቃነቅ። ቀጥሎ እያንዳንዱን እንደ ዘመኑ ቀለም ቀቡ፤ ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

፩ኛ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የመንን የያዙበት።
፪ኛ፤ ከ1306 እስከ 1336 የነገሡት ዐፄ ዐምደ ጽዮን ዳሞትንና ሐድያን ያስገበሩበት።
፫ኛ፤ ኢማም አሕመድ በሽምብራ ኵሬ ድል ካደረጉበት ከ1521 በወይና ደጋ እስከ ሞቱበት እስከ 1535።
፬ኛ፤ ወላይታ በገዛ ነገሥታቱ ይተዳደር የነበረበት ከ1887 በፊት ያለው ዘመን።
፭ኛ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ወላይታን በጦር የያዙበት 1887።
፮ኛ፤ ከ1928 እስከ 1933 የኢጣልያ ወረራ።
፯ኛ፤ ኤርትራ ራሷን የቻለች መንግሥት የሆነችበት 1985።

ወረቀቶቹን ጠርዛችሁ በአውራ ጣት ብትለቋቸው ቀለሙ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል። ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፤ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ ብላችሁ በመካከል የግምት ወረቀት አትጨምሩ። ኮምፒዩተሩም ብዙ ጊዜ በሁለት የታወቁ ዓመታት መካከል ያለውን በግምት ይሞላል፤ ተማሪው ግን ግምቱን እንደ ታሪክ ይቀበላል።

ሁለተኛ፤ የጥንት መንግሥት ሥልጣን ከመናገሻው እየራቀ ሲሄድ ይሳሳ ነበር። አንዳንዱ አገር ግብር ከመክፈል በቀር በራሱ ሹማምንት ይኖር ነበር። ስለዚህ ዳሩን በስሱ ቀቡ። ከኦሞ ማዶ በዳውሮ እንዳለው እንደ ሐላላ ኬላ የድንጋይ ካብ በግልጽ የሚታይ ድንበር ጥቂት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፤ ያልተቀባ ስፍራ ባዶ አገር አይደለም። በአራተኛው ወረቀት የወላይታን መንግሥት በገዛ ቀለሙ ቀብታችሁ ስሙን ጻፉበት። ይህ ካልሆነ የጉኑኖ ልጅ አያቶቹ ታሪክ የጀመሩት የሌላ ቀለም ሲደርስባቸው ነው ብሎ ያምናል።

ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ወረቀት መገልበጥ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው። ነገር ግን በዚያች ጥቅሻ ውስጥ ጦርነት አለ፤ ካዎ ጦና ቈስለው ተማረኩ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ከብት ተነዳ። ቀለም ይህን አይናገርም። ስለዚህ መምህሩ እዚህ ላይ እጁን ያቁም፤ ከመንደሩ ሽማግሌ ጋብዞ ከአያቶቹ የሰማውን ለልጆቹ ያስነግር። ሽማግሌውም ድሉንና ሽንፈቱን፣ ጥፋቱንና ዕርቁን ሳያጋንንና ሳይደብቅ ይንገር፤ ከጥላቻ የሚጠብቀው እውነቱን ማወቅ እንጂ ዝምታ አይደለምና።

ጥያቄ ለተማሪዎች። ቀለሙ ስንት ጊዜ ተለወጠ? ነጥቡስ ከስፍራው ተነቃነቀን? ቀለሙ ሲለወጥ በነጥቡ ላይ የነበረው ገበሬ ምን አጣ፤ ምንስ ቀረለት?