ሰሙን ሳንጥል፦ የቬትናምን የቪዲዮ ጥበብ እንዴት እንመልከት

በሰምና ወርቅ ያደገ ተመልካች አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ወርቁን ያገኘ ሲመስለው ሰሙን ይጥላል። ጨለማው የማሳያ ክፍል ውስጥ ገብቶ ባሕር ሲያይ «ስደት»፣ ሄሊኮፕተር ሲያይ «ጦርነት»፣ ሩዝ ሲያይ «ድህነት» ይልና በሦስተኛው ደቂቃ ይወጣል። የቬትናም የቪዲዮ ሠዓሊዎች ሥራ ግን እንዲህ በአንድ ቃል ተፈትቶ የሚያልቅ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ችኮላ ለማብረድ የታሰቡ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ግሡን ጻፉ

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማብራሪያ ለጊዜው አታንብቡት። በመጀመሪያው ዙር የምታዩትን ዕቃ ትታችሁ የሚደረገውን ነገር ብቻ መዝግቡ።

ለመለማመጃ የጁን ንጉየን-ሃትሱሺባን ሥራ እንውሰድ። በ2001 ንያ ትራንግ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ውሃ ውስጥ የተቀረጸ፣ 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ቪዲዮ ነው። ወንዶች ሲክሎ የሚባለውን ባለሦስት እግር የሰው ማመላለሻ ብስክሌት በባሕሩ ወለል ላይ ይገፋሉ፣ ይጎትታሉ። አፋቸው ላይ የአየር ቱቦ የለም። ትንፋሻቸው ሲያልቅ ብስክሌቱን ትተው ሽቅብ ይዋኛሉ፤ አየር ስበው ይመለሱና እንደገና ይገፋሉ።

«ሲክሎ፣ ባሕር፣ ሰው» ብሎ የጻፈ ተመልካች ሦስት ስሞች ታቅፎ ይቀራል። «ይገፋሉ፣ ይታፈናሉ፣ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ» ብሎ የጻፈው ግን ሥራው የቆመበትን ነገር ጨብጧል፦ እዚያ ታች መሥራትና መተንፈስ አብረው አይሄዱም። አንዱን የፈለገ ሌላውን መልቀቅ አለበት። ሰዎቹ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ድካማቸውም የትወና ድካም አይደለም። ይህን ያላየ ሰው ስለ «ተምሳሌት» ቢያወራ ወሬው ባዶ ነው።

ደረጃ 2፦ የዕቃውን የሕይወት ታሪክ ጠይቁ

አሁን ወደ ዕቃው ተመለሱ። ማን አመጣው? ማን ኖረበት? ቪዲዮው በተሠራበት ዓመትስ ምን እየደረሰበት ነበር?

ሲክሎ ወደ ቬትናም ጎዳናዎች የገባው በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ1975 በኋላ የተሸነፈው የደቡብ መንግሥት ወታደሮችና ሠራተኞች ሌላ ሥራ ሲከለከሉ ብዙዎቹ በሲክሎ ፔዳል አደሩ። ሠዓሊው ካሜራውን ውሃ ውስጥ ባስገባበት ጊዜ ደግሞ መንግሥት ሲክሎን ከትልልቅ ከተሞች መንገድ እየገፋው ነበር። ስለዚህ ከባሕር በታች የምናየው የአንድ መደብ ሰዎች የመጨረሻ መተዳደሪያ ነው።

ወደ መጨረሻው ሰዎቹ ብስክሌቶቹን ጥለው ይዋኙና እንደ ድንኳን የተወጠሩ ነጫጭ አጎበሮች ዘንድ ይደርሳሉ። አጎበር የቬትናም ቤት ተራ የመኝታ ዕቃ ነው። ከ1975 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ቬትናማውያን በጀልባ ተሰደው ሌላ አገር ደርሰዋል፤ መንገድ ላይ የቀሩትን በትክክል የቆጠረ የለም። ሠዓሊው ሥራውን «መታሰቢያ» ብሎ መሰየሙን እዚህ ላይ አንብቡት፤ ማን በአጎበሮቹ ውስጥ እንደተኛ ያኔ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች እዚህ ቦታ የሜዲትራኒያን ወይም የየመን መንገድ ትዝ ሊለው ይችላል። አታባርሩት። ነገር ግን ገጹን ለሁለት ክፈሉና በአንዱ በኩል «የእነሱ»፣ በሌላው «የኔ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ትርጓሜ የሚበላሸው።

ደረጃ 3፦ ስክሪኖቹ ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱን ለብቻው ተከተሉ

የዲን ኪው ሌ «ገበሬዎቹና ሄሊኮፕተሮቹ» (2006) በሦስት ስክሪን የሚታይ ነው። ከሆሊውድ የጦርነት ፊልሞች የተቆረጡ ትዕይንቶች፣ በሕይወት የተረፉ የገጠር ሰዎች ትዝታ፣ እንዲሁም ትራን ኮክ ሃይ የተባለው የታይ ኒን ሰው ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ይህ ሰው በራሱ የተማረ መካኒክ ነው፤ ሌ ቫን ዳን ከተባለ ሰው ጋር ሆኖ በእጁ ሄሊኮፕተር ሠርቷል።

አንዱን ዕቃ በየባለቤቱ ስም ጻፉት። ለሆሊውድ ማጀቢያ ሙዚቃ ያለው ትርኢት ነው፤ ከጦርነቱ ለተረፉት የገጠር ሰዎች ከሰማይ የሚመጣ ፍርሃት፤ ለመካኒኩ ደግሞ ለእርሻና ለሰው ማዳን የሚጠቅም ማሽን። ታዲያ «ሄሊኮፕተር ምንን ይወክላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ከየት ይምጣ? ሥራው ጠቡን እንጂ መልሱን አያሳይም። ለእኔ የዚህ ዘመን የቬትናም ቪዲዮ ጥበብ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለውም።

ደረጃ 4፦ የሠዓሊውን ታሪክ በመጨረሻ ክፈቱት

ዲን ኪው ሌ በ1968 በካምቦዲያ ድንበር አጠገብ ሃ ቲየን ተወልዶ፣ በ1978 ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ አሜሪካ ያደገ፣ ኋላም ተመልሶ ሆ ቺ ሚን ከተማ የኖረ ነው፤ በ2024 አርፏል። ሃትሱሺባ ግን በዚያው በ1968 ቶኪዮ የተወለደ፣ ከቬትናማዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት ነው። የባሕሩን መታሰቢያ የሠራው በጀልባ ያልሸሸው ነው። «ሠዓሊው ስደተኛ ስለሆነ ስለ ስደት ሠራ» የሚለው ቀላል ቀመር እዚህ ላይ ይሰበራል።

ደረጃ 5፦ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ያልተነገረው ምን እንደሆነ አዳምጡ

በቬትናም ዐውደ ርእይ ለመክፈት ከባህል ባለሥልጣናት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ዘወርዋራ አነጋገር ከዚህ ጋር ዝምድና አለው። ሆኖም ሁሉንም ዘወርዋራነት «ሳንሱር ፈርቶ ነው» ማለት ስንፍና ነው።

የሃኖይዋ ንጉየን ትሪን ቲ በ2015 «ደብዳቤዎች ከፓንዱራንጋ» የተባለ ሥራ አወጣች። ቦታው ኒን ቱዋን፣ በ1832 ነፃነቱ ያከተመው የቻም ሕዝብ አገር ነው፤ የቬትናም የመጀመሪያዎቹ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች እንዲተከሉ የታቀደውም እዚያው ነበር። ዕቅዱ በ2016 ተቋርጦ ነበር። ሥራው መፈክር አያሰማም፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ፊልም ሠሪዎች ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ካሜራው ወደ ፊቶች ይጠጋል፣ ወደ መልክዓ ምድሩ ይርቃል። የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ፣ ስለ ቻም ሰዎች ለመናገር እኛ ማን ነን የሚል ነው። እዚህ ርቀቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ካሜራው መቼ እንደሚቀርብና መቼ እንደሚሸሽ ቁጠሩ።

ደረጃ 6፦ ስሞችንና ወሮችን አትዝለሉ

ታኦ ንጉየን ፋን «ድዳው እህል»ን በ2019 ያቀረበችው በኤምሬትስ፣ በሻርጃ ቢኤናሌ ነው። ጉዳዩ የ1945ቱ የሰሜን ቬትናም ረሃብ ነው። በጃፓን ወረራ ዘመን ገበሬዎች ሩዝ ነቅለው ጆንያ የሚሠራበትን ጁት እንዲዘሩ ተገደው ነበር። የሟቾቹ ግምት ከ400 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። የተራበች መንፈስ ሆና የቀረችው ልጅ ታም (ነሐሴ)፣ የሚፈልጋት ወንድሟ ባ (መጋቢት) ይባላሉ፤ በጨረቃ አቆጣጠር ጎተራ የሚጎድልባቸው፣ ገበሬ ብድር የሚወጣባቸው ወሮች ናቸው። ስማቸውን እንደ ተራ ስም ያለፈ ሰው ሥራውን ግማሹን አላየም።

ደረጃ 7፦ ትርጓሜያችሁን ፈትኑ

የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አውጡና የቬትናሙን ዕቃ በሌላ ተኩት። «ሲክሎው የድሆችን ትግል ያሳያል» የሚለው በጋሪም በባጃጅም ያስኬዳል፤ ስለዚህ ሰርዙት። «መተንፈስ የፈለገ ሥራውን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል፣ ሥራውም ከመንገድ እየተነሳ ነው» የሚለው ግን ከዚያ ቪዲዮ ውጭ አይቆምም። እሱን ያዙ።

ለመጀመሪያ ልምምድ የቱዋን አንድሩ ንጉየንን የ2019 ሥራ ፈልጉ። በአራት ስክሪን የሚታይ ሲሆን የተሠራው ዳካር ከሚኖሩ ሴኔጋላዊ ቬትናማውያን ጋር ነው። ፈረንሳይ ወደ ኢንዶቻይና ያዘመተቻቸው የሴኔጋል ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ያላደረጉትን ንግግር ራሳቸው ጽፈው ያቀርባሉ። ስታዩት በደብተራችሁ መጀመሪያ ግሡን ጻፉ።