ቅቤው ለማን ይሁን? ስለ ሕፃናት ምግብና ስለ አያቶች ክብር

በአንድ ቤት ሕፃን በተወለደ ጊዜ እልልታው ገና ሳይበርድ ጠብ የሚያስነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሕፃኑ በመጀመሪያ ምን ይቅመስ የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራስ ልጠይቅ ወደ አንድ ቤት በገባሁ ጊዜ፣ የሕፃኑ አያት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ይዘው ባልጋው አጠገብ ቆመዋል፤ አራሷም ልጇን በጋቢ ሸፍና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ባልየው በደጅ ተቀምጦ ነበር።

«ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ ድምፁም እንዲያምር ነው፤ ስምንት ልጆች ያሳደግሁት በዚሁ ነው» አሉኝ አያቱ። ምራታቸውም ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጡት በቀር ምንም አትስጪው ብላኛለች» አለች።

እኒህ እናት ስምንት አሳደጉ እንጂ የወለዱት ዐሥራ አንድ እንደ ነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ይህን ቍጥር በክርክር መካከል አንሥቶ በፊታቸው መጣል ግን ጭካኔ ነው፤ እውነትን ለመርዳትም አይጠቅምም። በዚያ ዘመን ክትባቱም ሐኪሙም ሩቅ ነበረ፤ እርሳቸውም ከእናታቸው የተቀበሉትን በፍቅር አደረጉ።

ስለ ነገሩ የታወቀው ይህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ሲውጥ ወደ ሳንባው ሊገባበትና የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። በጣትና በውሃ የሚገባው ተውሳክ ተቅማጥ ያመጣል። ትንሿም ሆዱ በአብሽ ውሃ ወይም በስኳር ውሃ ስትሞላ ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ ጡትም ካልተጠባ ወተቱ ይጎድላል። «በጥማት ይሞታል» ለሚሉትም፣ ከእናት ጡት ወተት ከመቶው 88 ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ ሕፃኑ በፀሐይ ወራት እንኳ አይጠማም። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ ማለት እንገሩን፣ ቆሻሻ ነው ብለው አልበው የሚያፈስሱ አሉ። የደጋ ገበሬ ግን እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠና ያውቃል፤ ለጥጃው ያልነፈገውን ለልጅ ልጁ መንፈጉ ይገርመኛል።

ማርን በተመለከተ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ቍጥር 15ን የሚጠቅሱ አያቶች ገጥመውኛል። ነቢዩ ግን ለአዋላጆች ትእዛዝ መስጠቱ አልነበረም። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝ ተውሳክ አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ሰውነትን የሚያዝል መርዝ ሊያወጣ ይችላል።

ደግሞ አያቶች «የሐኪሞች ቃል ይለዋወጣል» ሲሉ እውነት አላቸው። የዓለም የጤና ጉባኤ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይሰጥ ብሎ የወሰነው በግንቦት 1993 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይባል ነበር። ስለዚህ በ1980 ዓ.ም. ወልዳ በአራተኛው ወር ምግብ የጀመረች እናት በጊዜዋ የተነገራትን ፈጸመች እንጂ አልበደለችም። ይህን በግልጥ ብንነግራት ክብሯ ይጠበቃል።

በዚያ ቀን ባልየውን ከደጅ ጠራሁት። እናትን መናገር የልጅ ፋንታ ነው፤ ምራት ብቻዋን ስትከራከር ነገሩ ስለ ቅቤ መሆኑ ቀርቶ በቤቱ ማን ያዝዛል ወደሚለው ይዞራል። እንዲህ ያለው ምክር ከመውለድ በፊት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሕፃኑ እያለቀሰ ማን ያስተውላል? ልጁም የእናቱን እጅ ስሞ፣ «እማዬ፣ ቅቤው ወደ አራሷ ገንፎ ይግባ፤ እርሷ በልታ ታጥባው» አለ። አያቱም ዝም ብለው ቆዩና፣ «አብሹስ?» አሉ። አብሹንም አራሷ ጠጣችው።

ስድስት ወር ሲሞላ የአያት ሥራ ይበዛል። ከእናቱ የወሰደው ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያልቅ ጡቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቀጭን አጥሚትም ሆድ ይነፋል እንጂ አያጠናም። ወፈር ያለ ገንፎ ከእንቁላል፣ ከክክ፣ ከጎመንና ከጥቂት ቅቤ ጋር ይሰጠው፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ወንድ አያቶችም ዳቦ በሻይ እየነከሩ ማጉረሱን ቢተዉ መልካም ነው፤ ሻይና ቡና ያ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና። ጠላውማ ለሕፃን በጭራሽ አይሆንም።

አያቲቱ የኦርቶዶክስ አማኝ በሆኑበት ቤት በሁዳዴ 55 ቀን ሌላ ክርክር ይነሣል፤ ዕቃችን በእንቁላልና በወተት ይረክሳል ይላሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን በጾም እንደማታስገድድ ካህናቱ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ከእኛ ወገን አንዳንዶች የሕፃኑን እንቁላል የሃይማኖት ክርክር ያደርጉታል፤ ይህንን አልወድም። ለሕፃኑ የብቻው ድስትና ማንኪያ ቢገዛለት የአያቱ ጾም ይጠበቃል፣ ልጁም ይበላል።

በስድስተኛው ወር ወደዚያ ቤት ተመልሼ ነበር። ኑኃሚን ሕፃኑን በብብቷ ታቅፋ ሞግዚት እንደ ሆነችው (ሩት ምዕራፍ 4 ቍጥር 16)፣ አያቱ ልጁን በጭናቸው አስቀምጠው ገንፎ ያበሉታል። ማንኪያውን አዘንብለው ገንፎው እንደማይፈስስ አሳዩኝና፣ «ይህች የእርሱ ናት፤ ማንም አይነካትም» አሉኝ።